ገጽ ስንት ላይ ነው?

ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ የታሪክ መጣጥፍ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ከግርጌ የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት ደረደርኩ። ሥራዬ አምሮኝ ተኛሁ። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው የውይይት ገጹ ላይ አጭር ነገር ጽፎ ጠበቀኝ፦ «መጽሐፉ እጄ ላይ ነው። ገጽ ስንት ላይ አገኙት?»

ገጽ? እኔ መጽሐፉን በዓይኔም አላየሁት። ሌላ ድረ ገጽ ላይ ተጠቅሶ አገኘሁና ከነማጣቀሻው ኮፒ ፔስት አደረግኩት። ላብ በላብ ሆንኩ። የዚህን ታሪክ መጨረሻ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሰውዬው ለምን እንደዚያ እንደጠየቀኝ ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው ማጣቀሻን የሚያየው እንደ ከረባት ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ይታሰራል፣ ቁም ነገር ያስመስላል፣ አለቀ። ማጣቀሻ ግን ለአንባቢ የሚሰጥ አድራሻ ነው። «ይህን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ እዩት» ማለት ነው። እኔ የሰጠሁት አድራሻ እኔ ራሴ ሄጄ የማላውቀው ቤት ነበር።

አንድ ባለሙያ በስሙ ያሳተመው መጽሐፍ ዋስ አለው። ስሙ ሽፋኑ ላይ ነው፤ ቢሳሳት የሚያፍረው እሱ ነው። ብዙ ሰው ተባብሮ የሚጽፈው የዕውቀት መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ዋስ የለውም። ዊኪፔዲያ ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲጀመር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፕሮፌሰሩም፣ ተማሪውም፣ ቀልድ ያማረውም እኩል የሚጽፉበት ሳጥን ነው የተከፈተው። ከስክሪኑ ጀርባ ማን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ እምነቱ ከጸሐፊው ተነስቶ ምንጩ ላይ ማረፍ ነበረበት።

ከዚህ የመጡት ሦስት ዋና ደንቦች ናቸው። ወገን ሳይለዩ መጻፍ፣ የራስን አዲስ ምርምር አለማስገባት፣ የተጻፈው ሁሉ በምንጭ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን። የመጨረሻው ለረጅም ጊዜ በአንዲት ኃይለኛ ሐረግ ይታወቅ ነበር፤ መለኪያው እውነትነት ሳይሆን መረጋገጥ መቻል ነው የምትል። በ2012 አባባሉ ተለሳለሰ፤ ብዙ ሰው «እንግዲህ ውሸትም ቢሆን ችግር የለም ማለት ነው?» ብሎ ስለተረዳት። እንደዚያ ማለት አልነበረም። «እኔ እርግጠኛ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም ማለት ነበር።

ማን ይናገር የነበረ?

በአማርኛ «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እንላለን። ዓይን እማኝን የሚያህል የለም ለማለት ነው። እንዲህ ያለ የጋራ መዝገብ ግን ከዚህ ተረት ጋር ይጋጫል፤ ብዙ አዲስ ጸሐፊም የሚናደደው እዚህ ላይ ነው።

በ2012 አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮት እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ራሱ ልብ ወለድ ስህተት አየ። «ዘ ሂውማን ስቴን» የተሰኘው መጽሐፉ አናቶል ብሮያርድ ከተባለ ጸሐፊ ሕይወት የተቀዳ ነው ይላል። ሮት ደግሞ መነሻዬ ፕሪንስተን ያስተምር የነበረው ወዳጄ ሜልቪን ቱሚን ነው ባይ ነው። እንዲታረም አስጠየቀ። ስለ ድርሰቱ ከደራሲው በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ይገባናል፣ ግን ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል የሚል መልስ መጣለት። ሰውዬው ቱግ አለ። «ዘ ኒው ዮርከር» ላይ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ነገሩ የሚያስቀው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤው በታተመበት ቅጽበት ራሱ ሊጠቀስ የሚችል ምንጭ ሆኖ አረፈው።

መልሱ ቅዝቃዜ አላጣውም፤ እኔም ሮትን ብሆን እናደድ ነበር። ነገር ግን እስቲ ከአንባቢው በኩል እዩት። «ደራሲው ራሱ በኢሜይል ነገረን» ቢባል ማን ሄዶ ያያል? ኢሜይሉን የጻፈው እሱ መሆኑንስ ማን ያውቃል? ደብዳቤው ሲታተም ግን ማንም አንብቦ፣ አመዛዝኖ፣ ሐያስያን ከጻፉት ጋር ማስተያየት ይችላል። እማኙ ይናገር፤ ግን ሁሉ በሚሰማበት አደባባይ።

ታዋቂ ማለት ታማኝ ማለት አይደለም

ማርች 2009 መጨረሻ ላይ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሞሪስ ዣር አረፈ። ዜናው እንደተሰማ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን የሚማር አንድ ወጣት የሟቹ የዊኪፔዲያ ገጽ ላይ የፈጠራ ጥቅስ አስገባ። ሕይወቱ አንድ ረጅም የፊልም ሙዚቃ እንደነበረች ሰውዬው የተናገረ የሚያስመስል፣ ለዜና ዕረፍት የተመቸ፣ ልብ የሚነካ ነገር። ተማሪው ጋዜጦች ያጣሩ እንደሆነ ለማየት ነበር ሐሳቡ።

የዊኪፔዲያ ሰዎች ጥቅሱ ምንጭ የለውም ብለው አወጡት። መልሶ አስገባው፤ መልሰው አወጡት። በመሀል ግን ጋዜጠኞች ገልብጠውት ኖሮ የብሪታንያው «ጋርዲያን»ን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ ጋዜጦች ላይ ታተመ። ወር ገደማ አልፎ ተማሪው ራሱ ባይናገር ማንም ባላወቀ። «ጋርዲያን» ማረሚያ አወጣ።

ይህን ታሪክ የምወደው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ማንም የሚጽፍበት ገጽ «ምንጩ የታለ?» በምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ራሱን አዳነ። ትልቅ ስም ያለው ጋዜጣ ደግሞ ያን ቀን ጥያቄዋን ዘለላት። ግን ደግሞ ጋዜጣው ማረሚያ አውጥቷል። ታማኝ ምንጭ የማይሳሳት ምንጭ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ የለም። ከመታተሙ በፊት ሌላ ዓይን የሚያየው፣ ሲሳሳት ደግሞ በግልጽ የሚያርም ነው።

ስለዚህ ምንጭ ስትመርጡ «ታዋቂ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማን አረመው? ማን ይጠየቅበታል? ስለምን ጉዳይ ነው የምጠቅሰው? በተለይ ሦስተኛው ይረሳል። ጎበዝ የስፖርት ጋዜጣ ስለ ኩላሊት በሽታ ምንጭ አይሆንም። የአንድ ሰው የፌስቡክ ገጽ ሰውዬው ስለ ራሱ ምን እንዳለ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለ ጎረቤቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። አንዳንዴ ማኅበረሰቡ ተወያይቶ የሚወስንበት ጊዜም አለ። በ2017 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዘጋጆች ሚሊዮኖች የሚያነቡትን የብሪታንያ ጋዜጣ «ዴይሊ ሜይል»ን በአጠቃላይ እንደ ታማኝ ምንጭ ላለመጠቀም ተስማምተዋል።

ጊዜም ምንጭን ያበላሻል። በ1998 «ዘ ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጥናት አወጣ። መጽሔቱ ስመ ጥር ነው፤ ጥናቱም በወጉ ታትሟል። በ2010 ግን መጽሔቱ ራሱ ጥናቱን ሰረዘው። ዛሬ ይህን ጥናት እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው የሰጠው አድራሻ ትክክል ነው፤ ቤቱ ግን ከፈረሰ ቆይቷል። በሕክምና ጉዳይ አንድ ነጠላ ጥናት ከመጥቀስ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ ሥራ መፈለግ የሚመከረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ጽሑፍ ቀረብ ብለን እንይ። ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን መዋቅር ያስታወቁበት ጽሑፍ «ኔቸር» መጽሔት ላይ ኤፕሪል 25 ቀን 1953 ወጣ፤ ቅጽ 171፣ ከገጽ 737 እስከ 738። በጣም አጭር ነች። የባለጉዳዮቹ የራሳቸው ቃል ስለሆነች የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ትባላለች። ምን እንዳሉና መቼ እንዳሉ ለማሳየት ከእሷ የሚበልጥ የለም። ግን ስለ ግኝቱ ታሪክ እሷን ብቻ ይዛችሁ ብትጽፉ ሳይንቲስቷ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ልታመልጣችሁ ትችላለች። ጽሑፉ ስሟን የሚያነሳው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ የእነ ዊልኪንስና የእሷ ያልታተሙ ውጤቶች ጠቅላላ ይዘት እንዳነቃቃቸው ብቻ ይገልጻል። እሷ ያመጣችው የኤክስሬይ ማስረጃ ምን ያህል ወሳኝ እንደነበር የምናውቀው ኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች ደብዳቤውንና ማስታወሻውን ሁሉ አገላብጠው ሲጽፉት ነው። ባለቤቱ የራሱን ይናገራል፤ ሙሉውን ለማየት ከዳር ቆሞ ያየ ያስፈልጋል።

ዞሮ ዞሮ ከቤት

ኮአቲ የሚባል አፍንጫ ረጅም የደቡብ አሜሪካ እንስሳ አለ። በ2008 አንድ የ17 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ በጉዞ ላይ አይቶት በስህተት አዋልዲጌሳ መሰለው። አዋልዲጌሳ ከአፍሪካ ውጭ አይኖርም። ስህተቱ አሳቀውና ወደ ቤቱ ሲመለስ የእንስሳው የዊኪፔዲያ ገጽ ላይ «የብራዚል አዋልዲጌሳ ተብሎም ይጠራል» ብሎ ጨመረ። ምንጭ የለም፣ ምን የለም። ቀልድ ነች።

ማንም አላስተዋላትም። ዓመታት አለፉ። ስሟን የብሪታንያ ጋዜጦች ተጠቀሙባት፤ በዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ውስጥም ገባች። ከዚያስ? ጋዜጦቹ ተመልሰው ለዚያችው ዓረፍተ ነገር ማጣቀሻ ሆኑ! ወሬዋ ከቤት ወጥታ፣ ዞራ ዞራ፣ ምስክር ይዛ ተመለሰች። ነገሩ የተጋለጠው በ2014 ነው። ለዚህ ዓይነቱ ክብ ጉዞ ካርቱኒስቱ ራንዳል ማንሮ በ2011 «ሳይቶጄነሲስ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

መከላከያው ቀን ማስተያየት ነው። ጋዜጣው የጻፈበትን ቀን እዩ፤ ከዚያ የገጹን የለውጥ ታሪክ ክፈቱና ዓረፍተ ነገሩ መቼ እንደገባ እዩ። ገጹ ከቀደመ ጠርጥሩ። ዊኪፔዲያ ራሱ ለዊኪፔዲያ ምንጭ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሕያው ሰው ሲሆን ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባለ አንጋፋ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ይጠረጠር ነበር የሚል ፈጠራ ገጹ ላይ ተጽፎ አራት ወር ገደማ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ፣ አከራካሪና ምንጭ የሌለው ነገር «ማጣቀሻ ያስፈልጋል» ተብሎ አይጠበቅም። ወዲያው ይወጣል።

አድራሻው እንዲያደርስ

ሁሉም ነገር ማጣቀሻ አይፈልግም። ሰማይ ሰማያዊ ነው ለማለት መጽሐፍ አይፈለግም። የሰው ቃል በቀጥታ ሲጠቀስ፣ ቁጥር ሲገባ፣ ሰው ሊጠራጠረው ወይም ሊከራከርበት የሚችል ነገር ሲጻፍ ግን ግዴታ ነው።

ከዚህ ለማምለጥ አማርኛችን ምቹ መሸሸጊያ አለው። «ይባላል»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ምሁራን እንደሚስማሙበት»። ማን ነው ያለው? ለማን ነው የታወቀው? የትኞቹ ምሁራን ናቸው የተስማሙት? «አሉባልታ» የሚለው ቃል ራሱ «አሉ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ረቂቃችሁን ስትጨርሱ «ይባላል»ን ፈልጉና ባገኛችሁበት ሁሉ ወይ የባዩን ስም ጻፉ ወይ ዓረፍተ ነገሩን አውጡት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ግማሽ አንቀጽ ሄደብኝ።

ማጣቀሻው ራሱ ምን ይያዝ? ደራሲ፣ ርእስ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ገጽ። የመጽሔት ከሆነ ቅጽና ቁጥር። መጽሐፍ ሲሆን ስንተኛ እትም እንደሆነ አትርሱ፤ እትሙ ሲቀየር የገጽ ቁጥሩም ይሸሻል። ከ2007 ጀምሮ 13 አኃዝ የሆነው አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የትኛው እትም እንደሆነ ለመለየት ይጠቅማል። ምንጩ የግድ በነፃ ኢንተርኔት ላይ መገኘት አይጠበቅበትም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ያለ መጽሐፍ፣ በክፍያ የሚነበብ መጽሔት፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሥራ ሁሉ ይሆናል። ማየት የሚቻል ይሁን እንጂ ማየቱ ቀላል ይሁን አልተባለም።

የማጣቀሻ ቁጥሯን የት እንደምታስቀምጡም ተጠንቀቁ። ይህን ዓረፍተ ነገር እዩ፦ «ኮአቲ የራኩን ዘመድ ነው፣ ዛፍ መውጣት ይችላል፣ የብራዚል አዋልዲጌሳም ይባላል።» መጨረሻው ላይ አንዲት የማጣቀሻ ቁጥር ብትቀመጥ አንባቢ ሦስቱንም በእሷ ያምናል። ምንጩ ግን የሚለው ሁለቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በሁለቱ ጥላ ተጠልሎ አለፈ። አንዳንዴ ይህ በተንኮል አይደለም የሚመጣው፤ መጀመሪያ በትክክል የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር መሀል ሌላ ሰው ገብቶ ሐረግ ይሰካበታል። የጋራ ጽሑፍ ጣጣው ይሄ ነው። እንዲህ ሲሆን ቁጥሯን ከምትመሰክርለት ሐረግ ሥር ማስጠጋት ነው።

ሊንክ ደግሞ ይሞታል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 እንዳወጣው በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም። ካያቸው የዊኪፔዲያ ገጾች ውስጥ ደግሞ 54 በመቶው ማጣቀሻቸው ላይ ቢያንስ አንድ የሞተ ሊንክ ነበረባቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገጹን በጠቀሳችሁበት ቀን «ዌይባክ ማሽን» የተባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይ አስቀምጡት፣ የማኅደሩን ሊንክ ከዋናው ጎን ጻፉ፣ ያያችሁበትን ቀንም መዝግቡ። የማኅደሩ ባለቤት ኢንተርኔት አርካይቭ እስከ 2018 ድረስ ዊኪፔዲያ ላይ ከ9 ሚሊዮን በላይ የተሰበሩ ሊንኮችን መልሶ ጠግኗል። ሊንኩን ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ርእሱና ቀኑ ካለ ሊንኩ ቢሞትም ሰው ፈልጎ ያገኘዋል።

ከሞተ ሊንክ የከፋው ድሮም ያልተወለደ ምንጭ ነው። «የቢቾሊም ጦርነት» የሚል መጣጥፍ በ2007 ገብቶ «ጥሩ መጣጥፍ» የሚል ደረጃ እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ ፖርቱጋሎች ያካሄዱት ጦርነት ነው ይላል። ማጣቀሻዎቹ የተደረደሩ፣ ያማሩ፣ ወግ ያላቸው ነበሩ። በ2012 መጨረሻ አንድ ሰው መጽሐፎቹን ልፈልግ ብሎ ተነሳ። መጽሐፎቹም የሉ፣ ጦርነቱም የለ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ከረባቱን እያየ ነበር ያለፈው።

አሁን ደግሞ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ኪሳችን ውስጥ አለ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጡ። የመዝገብ ቁጥር ነበራቸው፣ የዳኛ ስም ነበራቸው፤ ውሳኔዎቹ ራሳቸው ግን አልነበሩም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምንጭ ለመፈለግ ፍንጭ ይስጣችሁ፤ ምንጩን ከፍታችሁ ሳታዩ ግን አትጻፉት።

ያነበብከውን ጥቀስ

ስፒናች ብዙ ብረት አለው የሚባለው አንድ ሳይንቲስት የነጥብ ቦታ ስቶ አሥር እጥፍ ስለጻፈ ነው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥር በጥንቃቄ ካልታየ ምን እንደሚያስከትል ለማስተማር ብዙ ምሁራን ጠቅሰውታል። ታሪኩን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1981 «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ለነጥቡ ታሪክ ግን ምንጭ አልሰጠም። ማይክ ሰተን የተባለ ተመራማሪ በ2010 ሥሩን ቢቆፍር የነጥቡን ስህተት የሚያሳይ ማስረጃ አጣ። በ2014 ኖርዌያዊው ኡለ ቢዮርን ሬክዳል ምሁራኑ እንዴት አንዱ ከሌላው እየቀዱ እንዳስፋፉት በዝርዝር ጻፈ። ስለ አለማጣራት የሚያስተምረው ታሪክ ራሱ ሳይጣራ የተዛመተ ነበር።

ለዚህ ያለው ደንብ አጭር ነው። ያነበብከውን ጥቀስ። «ሀ» የተባለ ሰው የጻፈውን «ለ» የተባለ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ካነበባችሁ «ሀ፣ በ‹ለ› እንደተጠቀሰው» በሉ። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው እኔ ያደረግኩት ነው።

ወደ እሱ ልመለስ። ለሰውዬው «ይቅርታ፣ መጽሐፉን አላየሁትም» ብዬ ጻፍኩለት። አልተቆጣም። የሚመለከተውን ገጽ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ፤ ገጽ 214። ዓረፍተ ነገሯ አለች፤ ከእኔዋ ጋር ቃል በቃል ልትገጥም ምንም አልቀራት። ከአንዲት ቃል በስተቀር። ደራሲው «ምናልባት» ብሎ ነበር የጀመራት። እኔ የቀዳሁበት ድረ ገጽ «ምናልባት»ን ጥሏታል። እኔም ሳላውቅ ግምቱን እውነት አድርጌ አልፌያለሁ።

«ምናልባት»ን መለስኳት። ከማጣቀሻው መጨረሻ ላይም «ገጽ 214» ብዬ ጨመርኩ።